ባዶ፣ አልቦ፣ ያልተጠየቀ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ የወገራን ደጋ ከረገጠ በኋላ፣ ግራና ቀኙ የገብስና የባቄላ ማሳ በሆነበት፣ ነፋሱም በቀትር ሳይቀር ጋቢ በሚያስደርብበት ስፍራ፣ የወረዳው ርእሰ ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ትገኛለች። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚጓዘው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶባት ያልፋል፤ የአካባቢው ገበሬ ግን እህሉን የሚሸጠው፣ ጉዳዩን የሚያስፈጽመው፣ ሲታመምም የሚታከመው በእርስዋ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናገርለት የተነሣሁት ነገር የባሕር ማዶ ሊቃውንት ከስሳ ዓመት በላይ የተከራከሩበት የኮምፒውተር ቋንቋ ምሥጢር ቢሆንም፣ ፍሬው ጣፋጭ ይሁን መራራ በግልጥ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ በድረ ገጽ ላይ በሚሞላ ቅጽ ውስጥ ስም ወይም ቁጥር ሊጻፍበት የተሰናዳው ቦታ ሳይሞላ ሲቀር፣ ያ ባዶነት ምን ይናገራል?

በመጀመሪያ የጤናውን ነገር እንመልከት። በአገራችን ያሉት የጤና ተቋማት፣ ከቀበሌው ጤና ኬላ ጀምሮ፣ ለወረርሽኝ ስለሚያሠጉ በሽታዎች በየሳምንቱ ለበላያቸው ሪፖርት ያደርጋሉ፤ ጤና ኬላው ለጤና ጣቢያው፣ ጤና ጣቢያው ለወረዳው እየነገረ ወሬው እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዪቱ አጥብቆ የሚነገራት አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም በሳምንቱ ውስጥ አንድም ታማሚ ባይገኝ ቦታውን ባዶ እንዳትተወው፣ ዜሮ እንድትጽፍበት ነው። ዜሮው «ፈለግሁ፤ አላገኘሁም» የሚል ምስክርነት ነው። ባዶው ግን ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፦ ጤና ኬላው በዚያ ሳምንት ተዘግቶ ይሆናል፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል፤ ሠራተኛዪቱ ራስዋ ታምማ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ታማሚው እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ለመጻፍ ጊዜ አጥታ ይሆናል። የወገራ ደጋ ብርድ ለወባ ትንኝ የማይመች ስለሆነ በወባ ዐምድ ሥር የሚጻፈው ዜሮ ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ዜሮ ነው፤ ነገር ግን ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቈላ የወረደው ጐልማሳ ወባውን፣ አንዳንዴም ካላዛር የሚባለውን ክፉ በሽታ በደሙ ይዞ ወደ ደጋው በሚመለስበት ወራት፣ በዚያው ዐምድ ሥር ባዶ ሆኖ የታየው ቦታ ዜሮ ነው ተብሎ ቢታለፍ፣ መድኃኒት ሊላክለት የሚገባው ቀበሌ ሳይላክለት ይቀራል።

ይህን ሪፖርት የሚቀበለው ማሽን ስለ ዜሮ ያለው ጠባይ ደግሞ ሊታወቅ ይገባል። ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት፣ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውና ብዙ አገሮች የተቀበሉት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ድረ ገጻዊ ሥርዐት፣ ባለሙያው «የዚህን መጠይቅ ዜሮ አስቀምጥ» ብሎ አስቀድሞ ካላዘዘው በቀር፣ የተጻፈለትን ዜሮ በመዝገቡ ውስጥ አያኖርም። የሠሩት ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ በሺሕ የሚቈጠሩ ተቋማት ስለ እያንዳንዱ በሽታ የሚልኩት ዜሮ ሁሉ ቢከማች መዝገቡ ያለ ፍሬ ይከብዳልና። ቢሆንም ይህ ትእዛዝ በተዘነጋበት ዐምድ ሁሉ፣ ያቺ ሠራተኛ ዳገት ወጥታ ቍልቍለት ወርዳ፣ ቤት ለቤት ጠይቃ የጻፈችው ዜሮ፣ ጭራሽ ካልጻፈችው ሠራተኛ ባዶ ጋር አንድ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ልዩነቱን ከቁጥሩ ማግኘት አይቻልም፤ ሪፖርቱ በጊዜው መድረስ አለመድረሱ ከተመዘገበበት ከሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆናል።

በዚያችው በአምባ ጊዮርጊስ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቶ ኮፒ በሚነሣበትና ማመልከቻ በሚጻፍበት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተር በጎንደር ተምራ የመጣች ወጣት ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የድረ ገጽ መዝገብ ስትሠራ አየኋት። የማኅበሩ ዓላማ ምርጥ ዘር በትክክል ለማከፋፈል እንዲያመች የአባላቱን ሁኔታ ማወቅ ነበር፤ ቅጹም የባለቤቱን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የትውልድ ዘመኑን፣ የማሳውን ስፋት፣ የጥማድ በሬውንም ቁጥር ይጠይቅ ነበር። ወጣቷ የተቸገረችበትን ነገር ስታጫውተኝ፣ አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት መረጃ ሰብሳቢዎቹ ደጋግመው እየመጡ ስለ በሬ ስለሚጠይቋት፣ በመጨረሻ ተቈጥታ «የለኝም ብዬ ነገርኋችሁ፤ ስንት ጊዜ ነው የሌለኝን የምታስቈጥሩኝ?» ማለትዋን ነገረችኝ። ሰብሳቢዎቹም ዋሽተው አልነበረም፤ በእጃቸው የያዙት የስልክ ገጽ ሁልጊዜ በሴትዮዋ ስም ትይዩ «አልተሞላም» እያለ ያሳያቸው ነበር።

«እስኪ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ይመልከቱልኝ» ብላ ጣትዋን ከመስታወቱ ላይ አሳረፈች። ጽሕፈቱ ጃቫስክሪፕት በሚባለው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ያሳየችኝ መስመር የበሬውን ቁጥር ይወስድና፣ ሁለት ቋሚ ጭረቶች (||) አስከትሎ፣ «አልተሞላም» የሚለውን ቃል ያስቀምጣል። ትርጓሜው «ቁጥሩ ካለ ቁጥሩን አሳይ፤ ከሌለ አልተሞላም በል» ለማለት የታሰበ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ሁለት ጭረቶች በግራቸው ያለው ነገር «እውነት» ነው ወይስ «ሐሰት» ብለው ነው እንጂ «አለ ወይስ የለም» ብለው አይጠይቁም፤ በዚህ ቋንቋ ሥርዐት ደግሞ ዜሮ ሐሰት ነው፣ ምንም ፊደል የሌለበት ጽሑፍም ሐሰት ነው፣ ነል የሚባለው ባዶም ሐሰት ነው፣ አንዲፋይንድ የሚባለው ከቶ ያልተሰየመ ነገርም ሐሰት ነው። ስለዚህ «በሬ የለኝም» ብላ የመለሰችው ሴት ዜሮ፣ ከነጭራሹ ካልተጠየቀው ጐረቤትዋ ባዶ ጋር በአንድ ወንፊት ወርዶ፣ ሁለቱም «አልተሞላም» ተባሉ።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ በመግቢያው በር በኩል ደግሞ የተገላቢጦሹ ስሕተት ተሠርቶ ነበር። በድረ ገጽ ላይ ያለ የጽሑፍ ሣጥን ሳይሞላ ሲላክ ወደ ሰርቨሩ የሚደርሰው «የለም» የሚል መልእክት አይደለም፤ ርዝመቱ ዜሮ የሆነ ጽሑፍ ነው የሚደርሰው። ያንን ባዶ ጽሑፍ ወደ ቁጥር ለውጥ ብለን ጃቫስክሪፕትን ብናዘው፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ዜሮ አድርጎ ይመልስልናል፤ ነልንም እንዲሁ ዜሮ ያደርገዋል፤ አንዲፋይንድን ብንሰጠው ግን «ቁጥር አይደለም» ለማለት ናን የተባለውን ምልክት ይሰጣል። እንግዲህ መረጃ ሰብሳቢው ጊዜ አጥሮት ሳይጠይቀው የቀረው ባለ ሁለት ጥማድ ገበሬ፣ በመዝገቡ ውስጥ በሬ አልባ ድኻ ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው።

ውጤቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። አራት ቤቶች አሉ እንበል፤ የመጀመሪያው ሁለት በሬ አለው፣ ሁለተኛውም ሁለት አለው፣ ሦስተኛዋ ምንም የላትም፣ አራተኛው አልተጠየቀም። የተጠየቁትን ሦስቱን ብቻ ይዘን ብናካፍል አማካዩ አንድ ከሲሶ ይሆናል፤ ትክክሉም ይህ ነው። ያልተጠየቀውን ዜሮ ብለን ብንቈጥር አማካዩ ወደ አንድ ይወርዳል። ዜሮዋን ደግሞ «አልተሞላም» ብለን ብንጥላት ወደ ሁለት ይወጣል፤ ያን ጊዜ መንደሩ ሁሉ በሬ የሞላው መስሎ ይታያል፣ ሴትዮዋም ከሒሳቡ ወጥታ ትቀራለች። አንዱ መንደር፣ አንዱ ቀን፣ አራቱ ቤቶች፣ ሦስት ልዩ ልዩ እውነት ወጣላቸው፤ የዘሩ ድልድል በየትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ግን ማንም ተሰብስቦ ሳይመክርበት፣ ከአንድ መስመር ጽሕፈት ውስጥ ያሉት ሁለት ጭረቶች ሆኑ።

የዚህ ቋንቋ አበጂዎች ነገሩን አይተውት ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የቋንቋው ደንብ ውስጥ ሁለት የጥያቄ ምልክቶችን (??) አስገቡ። እነዚህ ምልክቶች በግራቸው ያለው ነል ወይም አንዲፋይንድ ሲሆን ብቻ በቀኝ ያለውን ይተካሉ፤ ዜሮን ግን በክብር ያሳልፉታል። ወጣቷም መስመሩን እንዲህ አስተካክላ፣ ባዶውን ጽሑፍ ደግሞ ወደ ቁጥር ከመለወጥዋ በፊት ለይታ ነል ብላ አስቀመጠችው።

ስለዚህ ነገር ከእርስዋ ጋር ስንነጋገር ልቤ የሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብ ነው። የግእዝ አኃዝ ከ፩ እስከ ፼ ሲደርደር ለዜሮ የሚሆን ፊደል የለውም፤ ይህን ያየ ሰው አባቶቻችን ስለ ባዶ ቁጥር አላሰቡም ሊል ይችል ይሆናል። ነገር ግን የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ደረሰው የሚባለውንና በየአብያተ ክርስቲያናቱ የሚነገረውን ይህን ሐሳበ ዘመን የተማረ ሰው፣ «አልቦ» የሚባለውን ነገር በምን ያህል ጥንቃቄ እንደያዙት ያውቃል። በአንድ ደብር ዐጸድ ሥር ተቀምጠው ያገኘኋቸው የኔታ ይህንኑ ስጠይቃቸው፣ መቋሚያቸውን ወደ ጐን አኑረው፣ በጣታቸው መሬቱን እየጫሩ አሰሉልኝ።

የ2006 ዓ.ም.ን ሒሳብ እንውሰድ። 5500 ዓመተ ዓለምን ስንጨምርበት 7506 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። ከመደቡ አንዱን ስናነሣ ወንበሩ አልቦ ይሆናል። አበቅቴ ማለት ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 የተገደፈ ነውና፣ አልቦ በ11 ቢባዛ አልቦ ነው፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት አበቅቴ አልቦ ነው ተባለ፣ ማንም አልተቸገረበትም፤ አበቅቴ መጠን ነውና መጠን ከቶ ባይኖርም አልቦ መባሉ እውነት ነው። መጥቅዕ ግን ወንበሩ በ19 ተባዝቶ የሚገኝ ቢሆንም፣ በወር ውስጥ ያለ ዕለት ነው፤ መስከረም አልቦ ቀን የሚባል ዕለት ደግሞ የለም። ስለዚህ ሊቃውንቱ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው በሚለው ሕግ መሠረት መጥቅዑን 30 አሉት። መስከረም 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ሐሙስ ዋለ፤ የሐሙስ ተውሳክ (የዕለቱ ጭማሪ) 3 ተጨምሮበት 33 ሆነ፤ 30ው ሲገደፍ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባች፤ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ሆነ። በዚያ ዓመት በእርግጥ የጾምነውና የፈሰክነው በእነዚህ ዕለታት ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው የ2005 ዓ.ም. ሒሳብ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። 7505 ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ መደቡ ራሱ አልቦ ነው። ከአልቦ ላይ አንድ ማንሣት አይቻልም፤ ቢሆንም ደንቡ ሒሳቡን አያቆመውም፣ መልሱንም ባዶ አይተወውም፤ ዐውዱ (ዙሩ) 19 ነውና ከዚያ አንዱን አንሥቶ ወንበሩን 18 ይለዋል። «እኔ የምነግርህ፣ አልቦ የሚያስፈራው ቦታውን ላላወቀለት ነው» አሉኝ የኔታ። እኔም ሦስቱን ነገሮች፣ ማለት አልቦ ሆኖ የሚጸናውን አበቅቴ፣ አልቦ ሊሆን የማይገባውን መጥቅዕ፣ ከአልቦ የሚነሣውን ወንበር፣ እያንዳንዱን ለብቻው ለይቶ ደንብ ያበጀለት አእምሮ፣ ዛሬ የድረ ገጽ ቅጽ ለሚሠራ ሰው ከማንኛውም የባሕር ማዶ መጽሐፍ የበለጠ መምህር ሊሆነው እንደሚችል አምናለሁ።

የባሕር ማዶዎቹ ጠበብት ወደዚህ የደረሱት በብዙ ጸጸት ነው። ቶኒ ሆር የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 አልጎል ደብልዩ የተባለውን ቋንቋ ሲያሰናዳ፣ ወደ ምንም የማያመለክት አመልካች፣ ማለት ነልን፣ ለመሥራት ቀላል ስለሆነ ብቻ ጨመረው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን ላይ ባደረገው ንግግር ግን ይህን ሥራውን የቢሊዮን ዶላር ስሕተት ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ። ብሬንደን አይክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ጃቫስክሪፕትን በዐሥር ቀን ውስጥ ሲጽፍ አንዱ ባዶ አልበቃው ብሎ ሁለት አደረገው፤ ነል «ባዶ መሆኑ የታወቀ» ሲሆን፣ አንዲፋይንድ «ገና ምንም ያልተባለለት» ነው። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ግድፈት ይቈጥሩበታል። እኔ ግን ሐሳቡ መልካም እንደነበር፣ ጕዳቱ የመጣው ሁለቱን ለይቶ የሚጠብቅ ደንብ ባለመኖሩ እንደሆነ ይታየኛል፤ መልእክቱ ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ተሰናድቶ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲሻገር አንዲፋይንድ የሆነው ነገር ከነስሙ ተጥሎ ይቀራልና፣ ነሉ ብቻ ይሻገራል።

የመረጃ ቋትን ሥርዐት የመሠረተው ኤድጋር ኮድ ከሁሉ ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር ጠልቋል። እርሱ ባበጀው ሥርዐት ላይ የተሠራው ኤስኪውኤል የተባለው ቋንቋ ለጥያቄ ሁሉ ሦስት መልስ ያውቃል፤ እውነት፣ ሐሰት፣ አይታወቅም። «በሬ የሌላቸውን ዘርዝር» ብንለው ያልተጠየቀውን ገበሬ አይዘረዝረውም፤ «በሬ ያላቸውን ዘርዝር» ብንለውም አይዘረዝረውም። ሁለቱን ዝርዝር አጋጥሞ መንደሩ ሞልቷል የሚል ሹም ቢኖር ያልተጠየቀው ገበሬ ከሁለቱም ወጥቶ እንደቀረ አያውቅም፤ «ያልታወቁትንስ?» ብሎ ሦስተኛ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ኮድ በዚህም ሳይረካ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው መጽሐፉ፣ የጠፋ ነገር ሁለት ዐይነት ምልክት ይደረግለት ብሎ ነበር፤ አንዱ ሊኖር የሚገባው ነገር ግን ያልታወቀ፣ ሌላው ከነጭራሹ ለዚያ ሰው የማይገባ። ያላገባ ሰው የሚስቱ ስም ቢጠየቅ ባዶው የሁለተኛው ዐይነት ነው። ምክሩን ግን የመረጃ ቋት ሻጮች አልተቀበሉትም፤ እንዲያውም ኦራክል የተባለው ታላቁ ቋት እስከ ዛሬ ድረስ ባዶ ጽሑፍንና ነልን ለይቶ አያይም።

ይህ ቸልታ በኢትዮጵያውያን ላይ ልዩ ሸክም አለው፤ ምክንያቱም የድረ ገጽ ቅጾች የሚሰናዱት ሌላ ሕዝብ በሚሞላቸው ሁኔታ ነው። የቤተ ሰብ ስም አምጣ የሚለው አስገዳጅ ሣጥን አንድ ምሳሌ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በራሱና በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ፣ የሕጉም ቃል ሳይፈጸም ቀረ። ስለዚህ ይህ ሣጥን ለእኛ የሁለተኛው ዐይነት ባዶ ነው፤ ለእኛ የማይገባ እንጂ የጠፋብን አይደለም። ማሽኑ ግን ባዶውን አልቀበልም ስለሚል፣ አባት የአያቱን ስም ይጽፋል፣ ልጁም የአባቱን አባት፤ ባሕር ማዶ ሲደርሱ አባትና ልጅ ዘመድነታቸውን በወረቀት ማስረዳት ይቸግራቸዋል።

የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760 መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በደጋው የተወለደ ሰው ዘመኑን የሚያውቀው በድርቁ ዓመት፣ በእገሌ ሹመት፣ ወይም በክርስትና አባቱ ትዝታ ነው። ወሩና ዕለቱ ካልተሞላ የማያሳልፍ ቅጽ ሲገጥመው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይጻፍለታል፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ተሰድደው አሜሪካ ከገቡት ብዙዎቹ በአንድ ቀን የተወለዱ መስለው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ማሽኑ ራሱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ያደርጋል። ጃቫስክሪፕትን ነል ሰጥተን «ይህን ቀን አድርግ» ብንለው፣ ነልን እንደ ዜሮ ቈጥሮ፣ የኮምፒውተሮች ዘመን ከሚጀምርበት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ላይ ያሳርፈዋል፤ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። በአንድ መዝገብ ውስጥ ብዙ ሰዎች በዚያች ሌሊት ተወልደው ያየ ሰው፣ ልደታቸው ያልታወቀ ሰዎችን እያየ መሆኑን ይወቅ።

በፊደላችን በኩል የሚመጣው ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ አይነገርለትም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለት ነጥባችን (፡) ምንም እንኳ ቃልን ከቃል ለመለየት የተሠራ ቢሆን፣ የሚመደበው ከሥርዐተ ነጥብ ጋር ነው እንጂ ከክፍት ቦታ ጋር አይደለም። ስለዚህ የጽሑፍን ጫፍና ጫፍ ከክፍት ቦታ የሚያጸዳው ትእዛዝ ሁለት ነጥቡን አይነካውም፤ አንድ ሰው በስም ሣጥን ውስጥ ሁለት ነጥብ ብቻ ጽፎ ቢያልፍ ማሽኑ ስም ያገኘ ይመስለዋል። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ካህን በበሬው ቁጥር ሣጥን ውስጥ ፬ ብለው በግእዝ አኃዝ ቢጽፉ፣ ተራው የቁጥር መለወጫ «ቁጥር አይደለም» ብሎ ናን ይመልሳል፤ ናኑም በጄሰን ሲላክ ነል ይሆናል። አራት በሬ ያላቸው ሰው የሚገባውን መልስ በሚገባ ጽፈው ሳለ፣ ከጥቂት ርምጃ በኋላ ምንም እንዳልመለሱ ይቈጠራሉ። ይህ በእኔ ዘንድ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው፤ የሌላው ባዶ ከዝምታ የመጣ ሲሆን ይህኛው ግን የተነገረ ቃልን ያጠፋልና።

ከአምባ ጊዮርጊስ አልፎ በዚያው መንገድ ላይ ያለችው ዳባት፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕዝብንና የጤናን ሁኔታ በቋሚነት የሚከታተልባት ናት፤ ሠራተኞቹ በየጊዜው ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የሄደውንና የመጣውን ይመዘግባሉ፤ ሰው ሲሞትም ቤተ ሰቡን ስለ አሟሟቱ ጠይቀው ምክንያቱን ለመለየት ይጥራሉ። በእንዲህ ያለው የሕዝብ ጥናት ሥራ፣ በየትም አገር ቢሆን፣ «አላውቅም» ያለው መልስ ሰጪ፣ «አልናገርም» ያለው መልስ ሰጪና ጠያቂው የዘለለው ጥያቄ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምልክት እንዲኖራቸው ይደረጋል። ቀድሞ በወረቀት ዘመን ለዚህ 98ና 99 የመሳሰሉትን ቁጥሮች መጻፍ የተለመደ ነበር፤ ምልክቱን ያላወቀ ሰው ሒሳቡን ሲሠራ ግን ዕድሜው ያልታወቀው ሁሉ የ99 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ይደመራል።

እንዲህ ላለው ምዝገባ ከሁሉ የሚከብደው ሣጥን የሕፃን ስም ነው። በሃይማኖታችን ሥርዐት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀንዋ ክርስትና ይነሣሉ፤ ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን የክርስትና ስም አላገኘም፣ በደጋው ቤትም ብዙ ጊዜ የዓለም ስም ገና አልወጣለትም። ቅጹ ስምን ግድ ካለ መዝጋቢው ወይ «ሕፃን» ብሎ ይጽፋል፣ ወይ የታላቁን ስም ይደግማል፣ ወይም ደግሞ ነገሩ ሲያስቸግረው ልደቱንም ሞቱንም ሳይመዘግብ ያልፋል። የጨቅላ ሕፃናት ሞት የሚቈጠረው በእነዚህ መስመሮች ነውና፣ ስም አልባውን ሕፃን የማይቀበል ሣጥን ሞትን ከአገር መዝገብ ላይ ይፍቃል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው «ይህ ቦታ ግድ ይሞላ» የምትለውን አንዲት ቃል ከመጻፉ በፊት፣ በዚያ ሣጥን ፊት ሊቀመጡ የሚችሉትን ሰዎች ሁሉ በየተራ ሊያስባቸው ይገባል፤ እናቲቱንም ጨምሮ።

የገበሬዎቹን መዝገብ ያሰናዳችው ወጣት አሁን ለበሬው ጥያቄ ሁለት ዐምድ አድርጋለታለች፤ በአንዱ ቁጥሩ ይጻፋል፣ በሌላው ደግሞ ቁጥሩ ባዶ ሲሆን ምክንያቱ፦ አልተጠየቀም፣ አላውቅም አለ፣ አልናገርም አለ፣ ወይም አይመለከተውም። በፊት የተሰበሰቡትን ዜሮዎች ግን ለማዳን አልተቻለም፤ የትኛው የተነገረ፣ የትኛው ማሽኑ የፈጠረው መሆኑን የሚያሳይ ፍለጋ በመዝገቡ ውስጥ አልቀረምና፣ ሁሉንም ነል አድርጋ «አልተረጋገጠም» የሚል ምክንያት ጻፈችባቸው፤ የዚያች ሴትዮ ብቻ፣ አፍዋን ሞልታ የተናገረች ስለሆነች፣ ዜሮ ሆኖ ጸና። የማኅበሩ ኮሚቴ አዲሱን ዝርዝር ሲያይ «አምና ሙሉ የነበረው መዝገብ ዘንድሮ ለምን ክፍቱ በዛ?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋም አምና የሞላው ፕሮግራሙ እንጂ ገበሬው እንዳልነበረ አስረዳች። ከብዙ ክርክር በኋላ፣ አጨዳው እንዳበቃ ሰብሳቢዎቹ የቤቶቹን ዝርዝር በየጎጡ ይዘው እንዲወጡና ያልተረጋገጡትን ብቻ እንዲጠይቁ፣ የዘሩም ድልድል እስከዚያ እንዲቈይ ተስማሙ።